የያዕቆብ መንጋ መልክ



ዛሬ አብረን የምንቆይበት ክፍል የኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 ነው፤ ከቁጥር 25 ጀምሮ ያለው። መጽሐፉ በአጠገባችሁ ካለ ግለጡት፤ ከሌለም አትቸገሩ፣ ታሪኩን እያነሳን እንሄዳለን። ያዕቆብ በካራን ምድር የአጎቱን የላባን መንጋ ሲጠብቅ የኖረበት ዘመን ነው። ካራን ዛሬ በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ፣ ከሶርያ ድንበር ብዙም ሳይርቅ ይገኛል፤ ሜዳማ አገር ነው። ያዕቆብ እዚያ ሰባት ዓመት ስለ ልያ፣ ሰባት ዓመት ስለ ራሔል፣ በድምሩ 14 ዓመት አገልግሏል። ራሔል ዮሴፍን ስትወልድ ግን ልቡ ወደ አባቱ አገር አዘነበለ። ላባ ደግሞ ሀብቱ የበዛው በያዕቆብ እጅ መሆኑን ያውቃልና ሊለቀው አልፈለገም። ደመወዝህን ቁረጥ አለው። ድርድሩ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት ቁጥሮች ነቁጣ፣ ዝንጉርጉር፣ ሽመልመሌ፣ ጥቁር፣ ነጭ በሚሉ ቃላት የተሞሉ ናቸው። ብዙ አንባቢ እዚህ ሲደርስ ይቸኩላል። ሰባኪም ቢሆን ብዙ ጊዜ ያዕቆብ በመንጋው ፊት ባቆማቸው የተላጡ በትሮች ላይ ይቆምና የቀረውን ይዘለዋል። እኔ ግን የዚህ ታሪክ ጅማት ያለው በእነዚህ የመልክ ቃላት ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። የእንስሳው መልክ የውሉ አንቀጽ ስለሆነ፣ ቃሉ የደበዘዘበት አንባቢ ማን ማንን እንዳታለለ ሳይለይ ያልፋል። ስለዚህ ዛሬ ዕብራይስጡን ቃል በቃል እናያለን። ፊደላችን ዐይኑንም፣ ሐመሩንም፣ ጸደዩንም ይዞ ስላቆየልን የዕብራይስጥን ድምፅ ለመጻፍ ከብዙዎቹ ፊደሎች የተሻለ ይመቻል።

በመጀመሪያ እንስሳቱን እንወቃቸው። ዕብራይስጡ መንጋውን "ጾን" ይለዋል። ጾን በግና ፍየልን አንድ ላይ የሚጠራ ስም ነው። አማርኛ ለላምና ለበሬ "የዳልጋ ከብት"፣ ለፈረስና ለበቅሎ "የጋማ ከብት" የሚል አጠቃላይ ስም ሲኖረው፣ በግና ፍየልን ግን አብሮ የሚጠራ አንድ ቃል የለውም። ስለዚህ ጾን ወደ እኛ ሲመጣ "መንጋ" ወይም "በጎች" እየተባለ ይተረጎማል። "በጎች" በተባለ ቁጥር ታዲያ ፍየሎቹ ከዓይናችን ይሰወራሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ደግሞ የነገሩ ግማሽ የፍየል ነው።

ከጾን ውስጥ አንዷ ራስ "ሴ" ትባላለች። ሴ በግም ፍየልም ልትሆን ትችላለች። ማስረጃው በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 አለ፤ ለፋሲካ የሚታረደው ሴ ከበጎች ወይም ከፍየሎች መካከል ሊወሰድ እንደሚችል ሕጉ ራሱ ይናገራል። በጉ ለብቻው "ኬሴቭ"፣ ፍየሏ "ዔዝ"፣ አውራው ፍየል "ታይሽ" ይባላል። ግልገሉ "ጣሌ" ነው። ይህ የመጨረሻው ቃል ዘመዱ በግዕዝ አለ፤ "ጠሊ" ይባላል፣ ለፍየልና ለግልገሏ የሚነገር ቃል ነው። አንዱ ቃል በሁለት አገር ሲያድግ፣ እዚያ በበጉ ግልገል ላይ ጸና፣ እዚህ ወደ ፍየሏ አደላ።

አሁን ወደ ውሉ እንግባ። ያዕቆብ ምንም አትስጠኝ ካለ በኋላ አንድ ነገር ይጠይቃል። ቁጥር 32 ላይ ሦስት ቃላት ያወጣል፦ ናቆድ፣ ጣሉ፣ ሑም። ከፍየሎቹ ናቆድ እና ጣሉ የሆኑት፣ ከበጎቹ ሑም የሆኑት የእኔ ደመወዝ ይሁኑ ይላል።

ለምን እነዚህ? መልሱ በዚያ አገር መንጋ መልክ ውስጥ ነው። በጥንቱ ምሥራቅ በጉ በአብዛኛው ነጭ፣ ፍየሉ በአብዛኛው ጥቁር ነበር። መኃልየ መኃልይ የሴቲቱን ጠጉር ከፍየል መንጋ ጋር፣ ጥርሶቿን ደግሞ ከተሸለቱ በጎች ጋር የሚያመሳስለው ለዚህ ነው፤ የሰማ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ይታየው ነበር። እንግዲህ ያዕቆብ የጠየቀው ከልማዱ የወጡትን ነው፤ ነጭ ካልሆኑት በጎች፣ ጥቁር ብቻ ካልሆኑት ፍየሎች። ጥቂቶቹን ነው የጠየቀው። ላባ በደስታ እሺ ማለቱ አይገርምም።

በአገራችን በብዙ ቦታ "ርቢ" የሚባለውን ውል የምታውቁ አድማጮች ይህ ነገር ይገባችኋል። ባለ ሀብት እንስሳውን ለአርቢው ይሰጣል፣ የሚወለደውን በስምምነታቸው ይካፈላሉ። የጠብ ምንጭ የሚሆነው ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህቺኛዋ የማን ናት? ያዕቆብ ያቀረበው ውል ይህን ጥያቄ በዓይን የሚፈታ ነበር። መንጋው መካከል ገብቶ የተመለከተ ሰው ሁሉ የላባን ከያዕቆብ ለይቶ ማወቅ ይችላል። ያዕቆብም ቁጥር 33 ላይ ይህንኑ ይናገራል፤ ከእነዚህ መልኮች ውጭ በእኔ ዘንድ የተገኘ "ጋኑቭ" ይሁን፣ ማለትም የተሰረቀ ይቆጠር ይላል።

የእረኛና የባለ መንጋ ጠብ በዚያ ምድር በሕግ የተጻፈ ነገር ነበር። የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት ያወጣው ሕግ፣ ዛሬ በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም በቆመው ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ይታያል። ከአንቀጽ 263 እስከ 267 ስለ እረኞች ይናገራል። የእንስሳውን ምልክት ለውጦ የሸጠ እረኛ አሥር እጥፍ ይክፈል ይላል። አንበሳ ከገደለበት ወይም መቅሰፍት ከወረደ ግን እረኛው ምሎ ነጻ ይወጣል፣ ጉዳቱም የባለቤቱ ይሆናል። ይህን ይዛችሁ የምዕራፍ 31ን ቁጥር 39 ብታነቡ የያዕቆብ ምሬት ይሰማችኋል። አውሬ የሰበረውን ወደ አንተ አላመጣሁም፣ ከራሴ ከፈልሁ ይላል። ሕግ የሚያስቀርለትን ዕዳ ላባ ያስከፍለው ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። አውሬ የቦጨቀው እንስሳ በዕብራይስጥ "ጤሬፋ" ይባላል። ለጆሯችን "ተረፈ" የሚለውን ቃል ያስታውሰናል፤ ከአውሬ የተረፈ ብለን ልንተረጉመውም ያሰኘናል። ዝምድና ግን የላቸውም። የዕብራይስጡ በጠይት ይጻፋል፣ መቦጨቅ ማለት ነው፤ የእኛው በታዊ ነው። ግዕዝ ያወቀ ዕብራይስጥን ግማሽ መንገድ አገኘው የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ተመሳሳይ ድምፅ ሁሉ ዘመድ አይደለም።

ወደ መልኮቹ እንመለስ። የመጀመሪያው ናቆድ ነው። ከዚሁ ሥር "ኔቁዳ" የሚል ቃል ይወጣል፤ ነጥብ ማለት ነው። በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 1 ላይ በወርቅ ጌጥ ላይ የሚደረጉ የብር ፈርጦች በዚህ ስም ተጠርተዋል። የእኛው "ነቁጥ" እና "ነቁጣ" በድምፅም በትርጉምም ይቀርቡታል፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ "ነቁጣ ያለበት" ብሎ መተርጎሙ ልክ የገባ ነው። እንግዲህ ናቆድ ማለት ትናንሽ ነጥብ የተረጨበት ፍየል ነው። ከዚህ ቃል አጠገብ "ኖቄድ" የሚባል የሥራ ስም አለ፤ ብዙ መንጋ ያለው አርቢ ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ስም የሚጠራው ሁለት ወገን ብቻ ነው። አንዱ ነቢዩ አሞጽ የነበረበት የቴቁሔ አርቢዎች ማኅበር ነው። ሌላው የሞዓብ ንጉሥ ሜሻ ነው፤ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 3 ለእስራኤል ንጉሥ የመቶ ሺህ ጠቦትና የመቶ ሺህ አውራ በግ ጠጉር ይገብር እንደነበር ይናገራል። አሞጽን ምስኪን የመንደር እረኛ አድርገው የሚስሉት ሰዎች ይህን ቃል ቢያስተውሉ ሐሳባቸውን የሚለውጡ ይመስለኛል። ኖቄድ ከናቆድ መውጣት አለመውጣቱን ግን የቋንቋ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከሩበታል።

ሁለተኛው ጣሉ ነው። ሥሩ መጣፍ፣ መለጠፍ ማለት ነው። በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 9 የገባዖን ሰዎች ከሩቅ አገር የመጡ ለመምሰል ያረጀ ጫማ ተጫምተው ሲመጡ፣ ጫማቸው የተጣፈ መሆኑ የተነገረው በዚሁ ሥር ነው። ስለዚህ ጣሉ የሆነች ፍየል ሰፋፊ ጥፍጥፍ መልክ አላት፤ አንዱ ቦታ ነጭ፣ አንዱ ቦታ ጥቁር። በነጥብ ከተረጨችው ከናቆድ የምትለየው በዚህ ነው። የእኛ አገር እረኛ "ቡሬ" የሚላትን አስቡ። አማርኛው "ዝንጉርጉር" ሲል ሁሉንም ዓይነት ድብልቅ ያቅፋል፤ ቡሬ ሲባል ግን መልኩ ቁልጭ ይላል።

ሦስተኛው ሑም ነው። ይህ ቃል በመላው መጽሐፍ ቅዱስ ከዚህ ምዕራፍ ውጭ አይገኝም። ብዙ ሊቃውንት ከሙቀት ሥር ያወጡታል፤ ፀሐይ ወይም እሳት እንደ ለበለበው የጠቆረ ወይም የጠየመ ማለት ይሆናል። በአማርኛው "ጥቁር" ተብሏል፤ ነገር ግን ቃሉ ዳማውንም የሚያካትት ይመስላል። በእስራኤል የምትኖሩ አድማጮች ይህን ቃል በየቀኑ ትሰሙታላችሁ። ሱቅ ገብታችሁ ሑም ጫማ ስትጠይቁ ቡናማውን ያመጡላችኋል። ቡናማ ጫማ የሚጠይቅ ሰው የያዕቆብን የውል ቃል እየተናገረ መሆኑን ላያስበው ይችላል። "ኔቁዳ" ነጥብ፣ "ጥላይ" ደግሞ በልብስ ላይ የሚለጠፍ ጥፍጣፍ ሆነው በዛሬው ዕብራይስጥ አሉ።

እንግዲህ ውሉ ናቆድ፣ ጣሉ፣ ሑም ነው። አሁን ላባ ምን እንዳደረገ ልብ በሉ፤ ቁጥር 35 ላይ ነው። በዚያው ቀን መንጋው ውስጥ ገባና አራተኛ ቃል ይዞ ወጣ። "ዓቆድ" የሆኑትን አውራ ፍየሎች ለየ። ዓቆድ በያዕቆብ አፍ አልተጠራም! ቀጥሎም ነጭ ነገር ያለባቸውን ፍየሎች ሁሉ ለየ። ሑም የሆኑትን በጎች ለየ። ሁሉንም ለልጆቹ ሰጠና ከያዕቆብ የሦስት ቀን መንገድ አራቃቸው።

ያዕቆብ በመንጋህ መካከል ዛሬ አልፋለሁ ብሎ ነበር። ቀጥሎ ያለው "ሃሴር" የሚለው ቃል በዕብራይስጥ በሁለት መንገድ ይነበባል፤ "እየለየሁ" ተብሎም "ለይ" ተብሎም። በመጀመሪያው ንባብ ለዪው ያዕቆብ ነው፣ በሁለተኛው ላባ። ላባ የሚጠቅመውን ንባብ ወሰደ። ተርጓሚዎችም እስከ ዛሬ በሁለቱ መካከል ተከፍለዋል። በእኔ አስተያየት ያዕቆብ የለየሁት ለእኔ ይሆናል ብሎ ሲጠብቅ፣ ላባ ቀድሞ ገብቶ ባዶ እጁን አስቀረው። ያዕቆብ ሥራውን የጀመረው አንዲት ነቁጣ በሌለባቸው ፍየሎችና አንዲት ጠይም በሌለባቸው በጎች ነው።

ዓቆድ ምን ዓይነት መልክ ነው? ሥሩ ማሰር ነው። አብርሃም ይስሐቅን በመሠዊያው ላይ ሲያስረው የተነገረው ግስ ይኸው ነው፤ የአይሁድ ሊቃውንትም ያንን ታሪክ እስከ ዛሬ "ዐቄዳ" ብለው ይጠሩታል። በ11ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ ትሯ ከተማ የኖረው ታላቁ ተንታኝ ራሺ፣ ዓቆድ የሆነ እንስሳ የሚታሰርበት ቦታ፣ ማለትም ቁርጭምጭሚቱ፣ ከሌላው ገላው የተለየ መልክ ያለው ነው ብሎ ያስረዳል። ሌሎች ደግሞ ገላውን እንደ ማሰሪያ የሚዞር መስመር ያለው ነው ይላሉ። የአማርኛው "ሽመልመሌ መሳይ" ይህን ሁለተኛውን ይከተላል። በዐይናችሁ ለማየት ከፈለጋችሁ እግሩ ላይ ነጭ ቀለበት ያለበትን ጥቁር አውራ ፍየል አስቡ።

የዚህን ቃል ክብደት የምናውቀው ምዕራፍ 31 ላይ ነው። ያዕቆብ ልያንና ራሔልን ወደ ሜዳ ጠርቶ ሲያማክራቸው፣ አባታችሁ ደመወዜን አሥር ጊዜ ለወጠው ይላቸዋል። ምሳሌም ይሰጣል፤ ደመወዝህ ናቆድ ይሁን ሲለኝ መንጋው ሁሉ ናቆድ ወለደ፣ ዓቆድ ይሁን ሲለኝ ዓቆድ ወለደ። ሁለቱንም "ዝንጉርጉር" ብሎ ያነበበ ሰው ምን እንደ ተለወጠ አያይም። ዕብራይስጡ ግን የላባን ዘዴ ግልጽ ያደርገዋል። ውሉን ሳያፈርስ አንዲት ቃል ብቻ ይቀይራል። በነጥብና በቀለበት መካከል ባለው ልዩነት የአንድ ቤተሰብ የዓመት እንጀራ ይወሰናል።

በዚያው ምዕራፍ ሌላ የመልክ ቃል ይመጣል። ያዕቆብ በሕልሙ ያያቸው አውራ ፍየሎች ዓቆድ፣ ናቆድ እና "ባሮድ" ነበሩ። ባሮድ የወጣው "ባራድ" ከሚለው ቃል ነው። ባራድ ደግሞ ለእኛ ትርጉም አያስፈልገውም፤ በግዕዝ "በረድ"፣ በአማርኛ "በረዶ" ነው፤ እውነተኛ ዘመድ ቃል። በጥቁር ገላው ላይ በረዶ የዘነበበት የሚመስል ፍየል ማለት ነው። ነቢዩ ዘካርያስም በምዕራፍ 6 በራእይ ካያቸው ፈረሶች አንዶቹን በዚሁ ቃል ይገልጻቸዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት መቶ ዓመታት ኦሪትን ወደ ግሪክ የመለሱት ተርጓሚዎች እዚህ ላይ በረዶውን ትተው አመድ መሳይ አሉት፤ የግዕዙ ብሉይ ኪዳን ደግሞ ከግሪኩ ስለተተረጎመ ያ ለእኛ የቀረበ ቃል በመንገድ ላይ ቀረ። አማርኛችን ለዚህ መልክ ግሩም ስም አለው፤ "ገብስማ"። ለዶሮም፣ ሽበት ጣል ጣል ላደረገበት የሰው ጠጉርም የምንለው ነው።

አሁን ወደ በትሮቹ እንምጣ፤ ያዕቆብ መንጋው እያያቸው ፀንሶ ነቁጣና ዝንጉርጉር እንዲወልድ ልጦ ያቆማቸው ናቸው። እዚህ ላይ ዕብራይስጡ በነጭ ቃል ይጫወታል። "ላቫን" ነጭ ማለት ነው፤ የላባ ስም ይኸው ነው። አማርኛችን በግሪኩና በግዕዙ መንገድ "ላባ" ብሎ ስለተቀበለው የወፍ ላባ ይመስለናል፤ ዕብራዊው አድማጭ ግን "አቶ ነጩ" የተባለ ያህል ይሰማዋል። ላባ "ላቫን ያለበትን ሁሉ" ሲለይ የራሱን ስም ያለበትን እየለየ ነው። ያዕቆብ ደግሞ የወሰደው የመጀመሪያ በትር "ሊቭኔ" ከሚባል ዛፍ ነው፤ ያው ነጭ ከሚለው ሥር። በትሩን ልጦ ያወጣው መስመርም "ላቫን" ነው። ሰውየው በስሙ ተሸነፈ።

ሌሎቹ ሁለት ዛፎች "ሉዝ" እና "ዓርሞን" ናቸው። ሉዝ ለውዝ ነው፤ በገበያ ኦቾሎኒን ለውዝ የሚሉ ብዙ ቢሆኑም፣ እዚህ የተባለው የአልመንድ ዛፍ ነው። ዓርሞን በወንዝ ዳር የሚበቅል ትልቅ ዛፍ ሲሆን ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ እየተላጠ ነጭ ገላው ይታያል። ስሙን ከመራቆት ሥር የሚያወጡት ለዚህ ነው። ያዕቆብ ሊልጠው የፈለገውን ዛፍ በጥሩ ዓይን መርጧል።

በትሮቹን ያቆማቸው መንጋው በሚጠጣበት ገንዳ ነው። የገንዳው ስም "ሺቅቶት" ከማጠጣት ሥር ይወጣል፤ የግዕዙ "ሰቀየ" ዘመዱ ነው። እዚያ ስለ ሆነው ነገር ዕብራይስጡ የሚጠቀምበት ግስ የሙቀት ሥር ያለው ነው፤ እንስሳቱ አውራ መፈለጋቸውን፣ መድራታቸውን ይናገራል። ሑም ከሚለው መልክ ጋር በድምፅ የሚቀራረብ ስለሆነ ዕብራዊው ጆሮ ሁለቱን አያይዞ ይሰማል።

ቁጥር 41 እና 42 ላይ ያዕቆብ መንጋውን በጉልበቱ ይለየዋል። ብርቱዎቹ "ቅሹሪም" ይባላሉ፤ የታሰሩ፣ የተቋጠሩ ማለት ነው። አማርኛም ጠንካራ ሰውነትን "ግጥም ያለ" ይላልና ሐሳቡ አይርቀንም። ደካሞቹ "ዓጡፊም" ናቸው፤ ሥሩ መዛል ነው። በአራማይስጥ የተተረጎመው የአይሁድ ኦሪት፣ ታርጉም ኦንቄሎስ የሚባለው፣ እነዚህን ሁለት ቃላት ቀድመው የተወለዱና ዘግይተው የተወለዱ ብሎ ይፈታቸዋል። በግና ፍየል ያረባ ሰው ይህ ፍቺ ልቡን ይነካዋል። በወቅቱ የተወለደና ዘግይቶ የተወለደ ግልገል በጉልበት አይተካከልም። ያዕቆብ በትሩን ለብርቱዎቹ ብቻ ያቆም ነበር። ደካማው ለላባ፣ ብርቱው ለያዕቆብ ሆነ።

በትሩ በእርግጥ መልክ ይለውጣልን? እናት በፅንስ ጊዜ ያየችው ነገር በልጇ ገላ ላይ ይወጣል የሚለው እምነት በብዙ ሕዝብ ዘንድ የቆየ ነው። ዛሬ የምናውቀው ግን መልክ በዘር እንደሚወረስ ነው። ግሪጎር ሜንዴል ስለ አተር ውርስ የጻፈው ጥናት በ1866 እ.ኤ.አ. ከታተመ ወዲህ ነገሩ ደረጃ በደረጃ ተፈትቷል። በበግ ዘንድ ነጭ መልክ ጥቁሩን ይሸፍነዋል። ሁለት ነጭ በጎች የተሸፈነውን ጥቁር ዘር ከያዙ ከሚወልዷቸው አራት ግልገሎች በአማካይ አንዱ ጥቁር ሊወጣ ይችላል። ላባ በዐይን የሚታየውን ለይቶ ወሰደ፤ የተሸፈነውን ግን መለየት አይችልም ነበር።

ደስ የሚለኝ ታሪኩ ራሱ ይህን ጥያቄ አለመዝለሉ ነው። ያዕቆብ ለሚስቶቹ ሲናገር ስለ በትሮቹ አንዲት ቃል አያነሣም። የሚነግራቸው ሕልሙን ነው፤ መንጋው ላይ የሚወጡት አውራዎች ዓቆድ፣ ናቆድ፣ ባሮድ እንደ ነበሩ፣ መልአኩም ላባ የሚያደርግብህን ሁሉ አይቻለሁ እንዳለው። ያዕቆብ ላቡን አፍስሷል፣ ዘዴም ሠርቷል፤ ውጤቱን ግን የሚሰጠው ለእግዚአብሔር ነው። የመልኩን ምንጭ በአውራዎቹ ዘንድ መፈለጉም ከአርቢ ዕውቀት ጋር የሚስማማ ነው።

የምዕራፉ የመጨረሻ ቁጥር ያዕቆብ እጅግ በጣም ባለጠጋ ሆነ ይላል። ዕብራይስጡ "ይፍሮጽ" የሚለውን ግስ ይዟል፤ ግድቡን ጥሶ እንደሚፈስ ውኃ መፍሰስ ነው። አማርኛው "ፈረጠ" በድምፅም በሐሳብም ይቀርበዋል። ይህ ግስ ቀደም ሲል ምዕራፍ 28 ላይ ተነግሮ ነበር። ያዕቆብ ከወንድሙ ሸሽቶ ድንጋይ ተንተርሶ ባደረባት ሌሊት፣ ወደ ምዕራብና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ትፈርጣለህ የሚል ተስፋ በዚሁ ግስ ተሰጥቶት ነበር። ያ ቦታ ቤቴል ከመባሉ በፊት ስሙ ሉዝ ነበር፤ በኋላ በገንዳው ዳር በትሩ የተላጠው ዛፍ ስም።

አድማጮች፣ ከዚህ ዝግጅት በኋላ ምዕራፍ 30ን እና 31ን አንድ ላይ አንብቧቸው። ናቆድ፣ ጣሉ፣ ሑም፣ ዓቆድ፣ ባሮድ የሚሉትን በየቦታቸው አስገቡና የላባን አሥር ለውጥ ተከታተሉ። ሌላም አደራ አለኝ። በልጅነታቸው በግና ፍየል የጠበቁ አባት፣ እናት፣ አጎት፣ አክስት ያላችሁ፣ በአዲስ አበባም ሁኑ፣ በቴል አቪቭ፣ በዋሽንግተንም ሆነ በዱባይ፣ ደውሉና ጠይቋቸው። ቡሬ፣ ቦቃ፣ ዳለቻ፣ ዳማ፣ ገብስማ የሚሏቸው እንስሳት በትክክል ምን እንደሚመስሉ ያስረዷችሁ። ስሙን ከነትርጉሙ፣ ከነሰፈሩ ጻፉት። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ለሚመልሱ ለነገዎቹ ተርጓሚዎች እነዚህ ስሞች ያስፈልጓቸዋል፤ የሚያውቋቸው ሰዎች ደግሞ በዕድሜ እየገፉ ነው።